የእስር ቤት ጋንግ የሪኮ ሴራ ይግባኝ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሰሞኑን ይግባኝ ሥራ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው አንድ ጎበዝ ልጅ «እስቲ እይልኝ» ብሎ ብሪፍ (የጽሑፍ ክርክር) ላከልኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ደንበኛችን ማንንም አልገደለም፣ ዕፅም በእጁ አልነካም፣ ስለዚህ ፍርዱ ይሻርልን» ይላል። ይህን ክርክር ስንቴ እንዳነበብኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም፣ ሰውዬው የዕድሜ ልክ እስራት ላይ ተቀምጦ እኛ ገጽ በዚህ ስናባክን ያናድደኛል።

ክሱ እኮ ሴራ ነው! ሴራ ማለት መስማማት ነው። ሪኮ የተደራጀ ወንጀልን ለመምታት በ1970 የወጣ የአሜሪካ ፌደራል ሕግ ነው፣ የሴራው አንቀጽ የሚቀጣው ስምምነቱን ራሱን ነው። በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነውን የሳሊናስን ጉዳይ አንብቡት፣ ደግሞ የእስር ቤት ታሪክ ነው። ሰውዬው ቴክሳስ ውስጥ የአንድ ካውንቲ ምክትል ሸሪፍ ነበር፣ አለቃው ሸሪፍ ከአንድ እስረኛ በወር 6,000 ዶላር፣ በዛ ላይ ለእያንዳንዱ ጉብኝት 1,000 ዶላር እየተቀበለ እስረኛው ከሚስቱ ወይ ከፍቅረኛው ጋር ብቻውን እንዲሆን ያደርግ ነበር፣ ሳሊናስ ደግሞ ጉብኝቱን ያመቻቻል፣ አንዳንዴም ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ለዚህም ሰዓቶችና አንድ ፒካፕ መኪና አገኘ። ጁሪው (ፍርድ የሚሰጡት ተራ ዜጎች) ከዋናው የሪኮ ክስ ነጻ ብሎት በሴራው ጥፋተኛ አለው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ተከሳሹ ሪኮ የሚጠይቃቸውን ሁለት ወንጀሎች ራሱ መፈጸም ወይም እፈጽማለሁ ብሎ መስማማት የለበትም፣ ሌላው እንደሚፈጽም አውቆ ያንን ሥራ ለማገዝ ከተስማማ በቂ ነው። እንደ ተራው የፌደራል ሴራ ክስ ደግሞ አንድ ተጨባጭ ድርጊት መረጋገጥ አለበት የሚል ነገር እዚህ የለም። ስለዚህ «በእጁ አላደረገም» ስትሉ ዐቃቤ ሕጉ ማስረዳት የማይጠበቅበትን ነገር አላስረዳም እያላችሁ ነው።

ታዲያ ምን እንከራከር? አባል መሆንና መስማማት አንድ አይደሉም በሉ። አንድ መዝገብ ላይ ዋናው ማስረጃ «ካይት» ነበር፣ እስረኞች በድብቅ የሚለዋወጧት ብጣሽ ወረቀት፣ ጽሑፏ ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ካለው ያነሰ ስለነበር በማጉያ መነጽር ነው ያነበብናት። የደንበኛችን ቅጽል ስም አለ፣ ከጎኑ ቁጥር አለ፣ በቃ። ዐቃቤ ሕጉ «ገንዘብ ሰብሳቢ ነው» አለ። እኛ ግን ከላይና ከታች ያሉትን ስሞች ስናይ ጋንጉ እያስፈራራ ግብር የሚያስከፍላቸው እስረኞች ሆነው አገኘናቸው። ከፋይ ነው ወይስ ሰብሳቢ? የሚገብር ሰው ተስማምቷል ይባላል? ዳኞቹ ቆም ብለው የጠየቁን እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚገኘው መዝገቡን ቅጠል በቅጠል ሲያነቡ ብቻ ነው።

«በዛ ጊዜ እስር ላይ ስለነበር ከሴራው ወጥቷል» የሚለውንም ተዉት። የእስር ቤት ጋንግ እኮ ነው፣ ሜክሲካን ማፊያ የሚባለው ጋንግ ራሱ በ1957 ካሊፎርኒያ ዱዌል የሚባል እስር ቤት ውስጥ ነው የተመሠረተው። ስሚዝ የሚባለው የዋሽንግተን ዲሲ ተከሳሽ ከሴራው ዘመን የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ታስሮ ነው ያሳለፈው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2013 በሙሉ ድምፅ «ወጥቻለሁ የሚል ራሱ ያስረዳ» አለ።

«ጋንጉ አለቃ የለውም፣ ስለዚህ ሪኮ የሚጠይቀው ድርጅት አይደለም» የሚለውን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቦይል ውሳኔ በ2009 ዘግቶታል። «ከመንግሥት ጋር የተስማማው ምስክር ውሸታም ነው» የሚለው ደግሞ የጁሪ ጉዳይ ነው፣ ይግባኝ ላይ አይሠራም።

ቀጥሎ ያለውን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ «ማስረጃው አይበቃም» ብዬ ሃያ ገጽ ጻፍኩ፣ ሳምንታት ፈጀብኝ፣ ግን በሥር ፍርድ ቤት የተከራከረው ጠበቃ በሩል 29 (በፌደራል የወንጀል ሥነ ሥርዓት ደንብ) «ማስረጃው ስለማይበቃ ነጻ ይባልልን» የሚለውን ሞሽን (ጥያቄ) ማቅረብ አለማቅረቡን አላየሁም። አላቀረበም። የመንግሥት መልስ ሁለት አንቀጽ ብቻ ነበር፣ «አልተነሳም፣ ስለዚህ በፕሌን ኤረር (ግልጽና ከባድ ስህተት ካለ ብቻ) ይታይ»፣ በዛ መለኪያ ደግሞ የሚያሸንፍ ጥቂት ነው። አሁን ትራንስክሪፕት (የችሎቱ ቃል በቃል ጽሑፍ) እንደደረሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ሞሽን ነው። እናንተም ከእያንዳንዱ ክርክር ጎን ተቃውሞው የተነሳበትን ገጽ ሳትጽፉ አንድ መስመር አትጻፉ።

ብዙዎች የሚያልፉት ወርቅ ደግሞ «የጋንግ ባለሙያ» ተብሎ የሚቀርበው ፖሊስ ነው። የምልክቱን፣ የንቅሳቱን ትርጉም ቢናገር ይሁን፣ ግን አባላትን መርምሮ የሰማውን እንደ ባለሙያ አስተያየት ካስተላለፈ እነዛ ሰዎች መስቀለኛ ጥያቄ ሳይጠየቁ መሰከሩ ማለት ነው። ሁለተኛው ሰርኪት (የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት) በ2008 በሜሂያ መዝገብ፣ የኤምኤስ 13 ጋንግ አባላት ጉዳይ ላይ፣ በዚህ ምክንያት ፍርዱን ሽሮታል። የፖሊሱን ምስክርነት መስመር በመስመር «ይህን ከማን ሰማህ?» እያላችሁ አንብቡ።

የጦር መሣሪያ ክስ አብሮ ካለ መሠረት የሆነው ወንጀል የትኛው እንደሆነ እዩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለዚህ ክስ መሠረት የሚሆነውን «የኃይል ወንጀል» ትርጉም ካጠበበበት ከ2019ኙ የዴቪስ ውሳኔ በኋላ ሁለተኛውና አራተኛው ሰርኪት በ2021 የሪኮ ሴራ ብቻውን ለዛ ክስ መሠረት አይሆንም ብለዋል። ያ ቅጣት በሌላው ላይ ተደምሮ የሚታሰር ስለሆነ ይህን ያልጻፈ ጠበቃ ደንበኛውን ዓመታት ያስከፍለዋል።

«ጠበቃዬ በድሎኛል» የሚለውን በቀጥታ ይግባኝ ላይ አትቸኩሉበት፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የማሳሮ ውሳኔ ከ2003 ጀምሮ በኋላ በ2255 አቤቱታ (ፍርዱንና ቅጣቱን ለመቃወም ለፈረደው ፍርድ ቤት የሚቀርብ) እንዲነሳ ፈቅዷል፣ ማስረጃውም የሚሰማው እዛ ነው።

ቀኑን ደግሞ አደራ። የይግባኝ ማስታወቂያ ከፍርዱ በኋላ 14 ቀን ነው። ቤተሰብ «ጠበቃው አስገብቷል» ብሎ ይቀመጣል፣ ጠበቃው ደግሞ ሥራዬ አልቋል ብሎ ይሄዳል፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን እናት እያለቀሰች ስትደውል ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን በቂ ምክንያት ይፈልጋል። ቤተሰብ ከሆናችሁ ልጃችሁ ራሱ ማስታወቂያውን ጽፎ በ14 ቀኑ ውስጥ ለእስር ቤቱ ፖስታ እንዲሰጥ ንገሩት፣ ፍርድ ቤቱ ዘግይቶ ቢደርሰውም በጊዜው እንደገባ ይቆጠራል፣ የሰጠበትን ቀንም እዛው ወረቀት ላይ ጽፎ ይፈርምበት።