ከግጭት በኋላ ያለውን ፍጥነት እንዴት ማስላት ይቻላል?

ሁለት ነገሮች ተጋጭተው ሲለያዩ እያንዳንዳቸው በምን ፍጥነት እንደሚሄዱ ለማወቅ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል የከበደ ሒሳብ አያስፈልግም። ተማሪዎችን በብዛት የሚያሰናክላቸው አቅጣጫ ነው። ታላቁ ፈረንሳዊ ፈላስፋ ዴካርት እንኳን እ.ኤ.አ. በ1644 የግጭት ሕጎችን ሲያወጣ የእንቅስቃሴን መጠን ያለ አቅጣጫ በመቁጠሩ አብዛኞቹ ሕጎቹ ስሕተት ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1668 እና በ1669 ዋሊስ፣ ሬን እና ሃይገንስ የተባሉ ሊቃውንት ትክክለኛውን መንገድ ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ አቀረቡ። እኛም የምንሄደው በዚያው መንገድ ነው።

ሰበቃው እዚህ ግባ በማይባል ሐዲድ ላይ ሁለት ትንንሽ ጋሪዎች ፊት ለፊት ይመጣሉ እንበል። አንደኛው 2 ኪሎ ግራም ሲሆን በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሁለተኛው 1 ኪሎ ግራም ሲሆን በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ግራ ይመጣል።

በመጀመሪያ ሥዕል ይሳሉ፤ ከዚያ አንዱን አቅጣጫ ፖዘቲቭ ብለው ይሰይሙ። ቀኝን ከመረጡ የአንደኛው ፍጥነት 3፣ የሁለተኛው −3 ይሆናል። ይህን ምልክት እስከ መጨረሻው አይልቀቁት። በሰዓት ኪሎ ሜትር የተሰጠ ፍጥነት ካጋጠመዎት አስቀድመው ለ3.6 ያካፍሉት።

ቀጥሎ ጠቅላላውን ሞመንተም ያስሉ፤ ይህም የእያንዳንዱ መጠነ ቁስ በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚገኘው ድምር ነው፦

2 × 3 + 1 × (−3) = 3

ግጭቱ እጅግ አጭር በመሆኑ የውጭ ጉልበት ይህን ድምር ለመለወጥ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ከግጭቱ በኋላም 3 ነው። ምልክቱ ቢዘነጋ ድምሩ 9 ይሆን ነበር፤ ጋሪዎቹ ተጣብቀው ቢቀሩ ደግሞ ሁለቱም በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ቀኝ ይሄዳሉ ማለት ነው። አንደኛው ጋሪ ከፊቱ የመጣ ጋሪ ገጭቶት ፍጥነቱ ምንም አልቀነሰም! መልስዎን ሁልጊዜ እንዲህ ባለ ጥያቄ ይፈትኑት።

አሁን የግጭቱን ዓይነት ይለዩ። ጋሪዎቹ ከተጣበቁ ፍጥነታቸው አንድ ነው፤ 3ን ለጠቅላላው 3 ኪሎ ግራም ሲያካፍሉ በሰከንድ 1 ሜትር ወደ ቀኝ ያገኛሉ።

ተላትመው ከነጠሩ ግን የማይታወቁት ፍጥነቶች ሁለት ናቸው፤ ፍ1 እና ፍ2 እንበላቸው። ሞመንተም የሚሰጠን አንድ እኩልታ ብቻ ነው፦

2 × ፍ1 + ፍ2 = 3

ሁለተኛውን ከእንቅስቃሴ ኢነርጂ (መጠነ ቁስ በፍጥነት ስኩዌር ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል የሚገኘው) ማውጣት ይቻላል፤ ሆኖም ስኩዌር ያለበት ረጅም ሥራ ነው፤ ከሚሰጠው ሁለት መልስም አንዱ ከግጭቱ በፊት የነበረው ፍጥነት ራሱ ነው። እኔ የምመርጠው የሃይገንስን አቋራጭ ነው፦ ኢነርጂ በማይባክንበት ግጭት ሁለቱ ነገሮች በተቀራረቡበት ፍጥነት ይራራቃሉ። የተቀራረቡት በ3 − (−3) = 6 ነው፤ ስለዚህ

ፍ2 − ፍ1 = 6

በመጀመሪያው እኩልታ ውስጥ ፍ2ን በፍ1 + 6 ሲተኩ 3 × ፍ1 = −3 ይመጣል። ፍ1 = −1፣ ፍ2 = 5። ከባዱ ጋሪ በዝግታ ወደ ኋላ ሲመለስ ቀላሉ ወደ ቀኝ ይፈተለካል። ኢነርጂው ከግጭቱ በፊት 9 + 4.5 = 13.5 ጁል፣ ከግጭቱ በኋላ ደግሞ 1 + 12.5 = 13.5 ጁል ነው። ተጣብቀው ሲቀሩ ግን የሚተርፈው 1.5 ጁል ብቻ ነው፤ ቀሪው 12 ጁል ወደ ሙቀት፣ ወደ ድምፅና ወደ መጨራመት ይሄዳል።

አብዛኛው የዕለት ተዕለት ግጭት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። የመራራቂያው ፍጥነት የመቀራረቢያው ግማሽ ነው ከተባለ በ6 ቦታ 3 ያስገቡ፤ አንደኛው ጋሪ ባለበት ቀጥ ይላል፣ ሁለተኛው በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ግጭቱ በሰያፍ ከሆነ ፍጥነቶቹን ወደ አግድምና ወደ ቁልቁል ከፋፍለው የሞመንተሙን እኩልታ ለየአቅጣጫው ለብቻው ይጻፉ።