የመኪና ብድር ከመፈረምዎ በፊት፦ ሂሳቡን በወረቀት፣ መንገዱን በብስክሌት እንዴት እንደሚመዝኑ

መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣለት ጥያቄ «በወር ስንት ይደርስብኛል?» የሚል ነው። ሻጩም አበዳሪውም ይህን ጥያቄ ይወዱታል፤ መልሱ እንደ ላስቲክ ይለጠጣልና። የመክፈያ ጊዜው ሁለት ዓመት ገፋ ሲል ወርሃዊው ያንሳል፣ የገዢው ፊት ይፈታል፣ እስክሪብቶ ይነሳል።

እኔም እንዲያ ልፈርም አንድ ሐሙስ ነበር የቀረኝ። ያዳነኝ ብልጠት አይደለም። አንድ ማስረጃ ጎድሎ ነገሩ ስድስት ሳምንት ተጓተተ፤ እስከዚያው ታናሽ ወንድሜ ግድግዳ አስደግፎ የተወውን ብስክሌት አቧራውን ጠርጌ ሥራ ተመላለስኩበት። ወረቀቱ ሲሟላ የምፈልገው መኪና ሌላ፣ የምፈልገው ብድርም ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከዚያ የተረፈኝ ነው።

1. የሁለት ሳምንት ጉዞዎን ይመዝግቡ

ለሁለት ሳምንት ከቤት የወጡበትን ሁሉ ይጻፉ፤ ወዴት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ከማን ጋር፣ ምን ይዘው፣ በስንት ሰዓት። ከዚያ በሦስት ይክፈሉት። አንደኛው ብቻዎን የሚሄዱበት፣ ዕቃው ቀላል የሆነና ከ8 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ጉዞ ነው። ሳይቻኮል ብስክሌት የሚነዳ ሰው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 5 ኪሎ ሜትር 20 ደቂቃ ማለት ነው። ሁለተኛው በታክሲ ወይም በአውቶቡስ የሚያልቅ ነው። ሦስተኛው ያለ መኪና የማይሆነው፦ ሕፃናት፣ ለመራመድ የሚቸገሩ እናት ወይም አባት፣ ከባድ ዕቃ፣ ረጅም መንገድ፣ ውድቅት ሌሊት።

በግምት አይሙሉት። እኔ በጭንቅላቴ «መኪና በየቀኑ ያስፈልገኛል» ነበር የምለው። ደብተሩ ሲቆጠር ሦስተኛው ክፍል ውስጥ የገባው በሳምንት ሁለት ጉዞ ብቻ ሆነ።

2. ቆሞ የሚበላውን ሲሄድ ከሚበላው ይለዩ

ነዳጅ፣ ጎማ፣ ዘይት፣ የማቆሚያ ክፍያ መኪናው ሲንቀሳቀስ የሚወጡ ናቸው። ወለድ፣ ኢንሹራንስ፣ ዓመታዊ ግብርና ምርመራ፣ እንዲሁም በዕድሜ የሚወርደው የመኪናው ዋጋ ግን መኪናው በር ላይ ቆሞም ይቆጥራሉ። በብድር የተገዛ መኪና ላይ ደግሞ አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ኢንሹራንስ ያስገድዳል፤ ዕዳው እስኪያልቅም ሊብሬው እሱ ዘንድ ይያዛል ወይም ዕገዳ ይመዘገብበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «መኪናም እገዛለሁ፣ ብስክሌትም እየነዳሁ እቆጥባለሁ» ይላል። የሚቆጥበው ግን የሚንቀሳቀሰውን ወጪ ብቻ ነው፤ ትልቁ ወጪ ከቆመው ወገን ነው። ብስክሌት እውነተኛ ገንዘብ የሚያተርፈው አነስ ያለ መኪና እንዲገዙ፣ ግዢውን በዓመት እንዲያዘገዩ ወይም ለቤቱ ሁለተኛ መኪና እንዳይጨምሩ ሲያደርግ ነው። በሌላ አነጋገር ከፊርማው በፊት እንጂ ከፊርማው በኋላ እምብዛም አይደለም።

3. ብድሮቹን በአንድ መለኪያ ያስቀምጡ

የሁሉንም አበዳሪዎች ሐሳብ በተመሳሳይ ዋጋና በተመሳሳይ ቅድመ ክፍያ ያሠሩ። አንዱ በ20 በመቶ ቅድመ ክፍያ፣ ሌላው በ40 ካሰላልዎ ምንም አላወዳደሩም። ከዚያ ከእያንዳንዱ ሦስት ቁጥር ይጠይቁ፦ በእጅዎ የሚገባው ወይም ለሻጩ የሚከፈለው ብድር ስንት ነው፣ እስከ መጨረሻው ቀን ከኪስዎ የሚወጣው ድምር ስንት ነው፣ ወለዱ የሚሰላውስ በምን ላይ ነው?

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ትልቅ ልዩነት አለው። ብድሩ 100,000 ነው እንበል፤ ገንዘቡን በፈለጉት ስም ይጥሩት። ወለዱ በዓመት 12 በመቶ፣ ጊዜው 4 ዓመት።

ወለዱ በቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላ ከሆነ ወርሃዊው 2,633 ይሆናል፤ በ48 ወር ውስጥ ወደ 26,400 ወለድ ይከፍላሉ። ያው 12 በመቶ «ፍላት» ከሆነ ግን በየዓመቱ በመጀመሪያው 100,000 ላይ 12,000 ይደመራል፤ የአራቱ ዓመት ወለድ 48,000፣ ወርሃዊውም 3,083 ይመጣል። ዕዳዎ ግማሽ ሲደርስም፣ ሊያልቅ ሲልም፣ ወለዱ አንድ ሳንቲም ያልከፈሉ ያህል ይቆጥርብዎታል። ይህ ፍላት ብድር በቀሪ ዕዳ ስሌት ቢተረጎም ከ20 በመቶ በላይ ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ የተጻፈው «12%» ግን አንድ ነው። እኔ ተቀምጬበት የነበረው ጠረጴዛ ላይ ያለችው ወረቀት የትኛው እንደሆነ አትናገርም ነበር። ስጠይቅ ሠራተኛው «የተለመደው ነው» አለኝ። የተለመደው የትኛው ነው ብዬ ደግሜ መጠየቅ አሳፈረኝ። እርስዎ አይፈሩ፤ የክፍያ ሰንጠረዡን በየወሩ ዋናው ስንት፣ ወለዱ ስንት ተብሎ ተከፋፍሎ ይውሰዱ። የወለዱ ዓምድ እየቀነሰ ከሄደ በቀሪ ዕዳ ነው፤ ከመጀመሪያው ወር እስከ መጨረሻው እኩል ከሆነ ፍላት ነው።

ቀጥሎ የመክፈያ ጊዜውን ይፈትሹ። ያው 100,000 በቀሪ ዕዳ 12 በመቶ በ3 ዓመት ቢከፈል ወለዱ ወደ 19,600 ነው። በ6 ዓመት ከሆነ 40,800 ገደማ ይደርሳል። ረጅም ብድር ሌላም ጣጣ አለው፦ የመኪናው ዋጋ በፍጥነት በሚወርድበት ገበያ ዕዳው ከመኪናው ዋጋ በልጦ የሚቆይበት ጊዜ ይኖራል። ያው 100,000 በ5 ዓመት የሚከፈል ቢሆን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከከፈሉ በኋላ እንኳ ወደ 67,000 ይቀርዎታል። በዚያ መሐል መኪናው ቢገለበጥ ወይም ሥራ ቢለቁና መሸጥ ቢያምርዎ፣ ሸጠውም ባለ ዕዳ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሌሎቹን ዓይነቶች ባጭሩ ልበል። መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ክፍያ የሚያስቀር ብድር በየወሩ ያስደስታል፤ ያ የመጨረሻው ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ዛሬ ካላወቁ አይግቡበት። ሊዝ ወይም የረጅም ጊዜ ኪራይ የሚያስከፍለው በያዙት ጊዜ የወረደውን ዋጋና የአበዳሪውን ትርፍ ነው፤ መኪናው ይመለሳል፣ የኪሎ ሜትር ጣሪያ አለው፣ ለጭረቱም ይጠየቃሉ። ከወለድ ነፃ በሆነው ሙራባሃ ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በታወቀ ዋጋ ይሸጥልዎታል። ጠቅላላ ዋጋው ከመጀመሪያው ስለሚቆረጥ ለማወዳደር ቀላል ነው፤ ቀድመው ቢጨርሱ ቅናሽ ይኖር እንደሆነ ግን ሳይፈርሙ ይጠይቁ። ለተራው ብድርም ያው ጥያቄ ይሠራል፤ ቀድሞ መክፈል የሚያስቀጣ ከሆነ ቅጣቱ ስንት ነው?

4. መኪናውን እንደገዙት አድርገው አንድ ወር ይክፈሉ

ከደመወዝዎ ላይ ወርሃዊውን ክፍያ፣ ኢንሹራንሱንና የነዳጁን ግምት ቀንሰው ዛሬውኑ ወደ ሌላ ሂሳብ ያስገቡ። አበዳሪው እንደሚጠብቅዎ ይቁጠሩት፤ ቀኑ አይለፍ። በዚያው ወር አንደኛውን ክፍል ጉዞ በብስክሌት ይሂዱ። ገንዘቡን በ20ኛው ቀን መልሰው ካወጡት፣ ብድሩ ከአቅምዎ በላይ መሆኑን ያለ ቅጣት አወቁ። ካልነኩት ደግሞ ለቅድመ ክፍያ ተጨማሪ ሆነ።

5. ብስክሌቱን ያዘጋጁ

ይሄ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጎማው ጠጠር እስኪል ይነፋ፣ ሁለቱም ፍሬን ይያዝ፣ ሰንሰለቱ ይጸዳና ዘይት ይቀባ። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ታች ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ካለ ከፍታው ልክ ነው። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይግጠሙ። አንጸባራቂ ጨርቅ ከደረት ይልቅ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢታሰር ይሻላል፤ ከፍ ዝቅ የሚል ብርሃን ሲያይ ሾፌር ሰው መሆኑን ቶሎ ይለያል። ቦርሳውን ከጀርባዎ አውርደው ከኋላ ተሸካሚው ላይ ይሰሩት፤ ላብ የሚያበዛው እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ምልልስ በዕረፍት ቀን ማለዳ ያድርጉት። በመኪና የሚሄዱበት መንገድ ለብስክሌት ጥሩው መንገድ መሆኑ አልፎ አልፎ ነው፤ 800 ሜትር የሚያዞር የውስጥ መንገድ ከዋናው ጎዳና ይመረጣል።

6. ከመኪኖች መሐል መንዳት

አዲስ ነጂ ፈርቶ የመንገዱን ጠርዝ ይልሳል። ይህ ከሁሉ የከፋው ቦታ ነው። አሸዋና ጠርሙስ ስብርባሪ የሚጠራቀመው፣ የፍሳሽ ክዳን ያለውም እዚያ ነው፤ ከኋላ ያለው ሾፌርም ክፍተት ያለ ስለሚመስለው ታክኮ ያልፋል። ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ያህል ገባ ይበሉ። መንገዱ ጠቦ መኪና በደህና ሊያልፍዎ የማይችልበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ወደ ኋላ ዞር ብለው አይተው፣ እጅ አሳይተው፣ የረድፉን መሐል ይያዙ። ሲሰፋ ይልቀቁለት። ስንት ርቀት ይተዉልኝ ለሚል ሰው፣ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2020 በሕጓ ያስገባችው በከተማ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር ነው።

የቆሙ መኪኖች ከሚሄዱት ይልቅ ያስፈሩኝ ነበር፤ በምክንያት ነው። በሦስተኛው ቀን በቆሙ መኪኖች ጥግ ስሄድ አንድ በር እፊቴ ብድግ አለ። ፍሬን ያዝኩ፤ የመሪው ጫፍ የበሩን ጠርዝ ገጭቶ ወደ መንገዱ መሐል ወረወረኝ። ከኋላዬ መኪና ስላልነበረ ክርኔ ብቻ ተላጠ። ሰውየው ከእኔ የባሰ ደንግጦ «ስፖኪዮ አይቼ ነበር እኮ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ከቆመ መኪና የሙሉ በር ስፋት፣ ቢያንስ አንድ ሜትር እርቃለሁ፤ በኋላ መስታወት ውስጥ ጭንቅላት ካየሁ ደግሞ ፍጥነት እቀንሳለሁ። መኪና የሚነዱ ከሆነ በሩን ከበሩ በራቀው እጅዎ ይክፈቱት። በግራ በር የሚወርድ ሰው በቀኝ እጁ ሲከፍት ትከሻው ይዞራል፤ ዓይኑም ሳይወድ ወደ ኋላ ያያል። የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሻሻል ይህንኑ ለሾፌሮች መክሯል።

ሌላው አደጋ መታጠፊያ ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር፣ መገናኛ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ ቀኝ ጎን ክፍት ሆኖ ቢጋብዝዎም አይግቡበት። ሾፌሩ ከጋቢናው ከፍታ የተነሳ ጎኑ ላይ ያለውን አያይም፤ ሲታጠፍም የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ከኋላው ይጠብቁ። በግራ በሚነዳበት አገር ነገሩ ይገለበጣል። ከመስቀለኛ መንገድ ሊወጣ ያለ መኪና ሲያዩ የሾፌሩን ዓይን ሳይሆን የፊት ጎማውን ይመልከቱ። ዓይኑ እርስዎ ላይ ሆኖ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ጎማው ግን ሊነሳ ሲል ይዞራል።

ዝናብ ሲሆን ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን መጀመሪያ ውሃውን ጠርጎ ነው የሚይዘው፤ ቀደም ብለው ይጀምሩ። የተቀባ መስመርና የብረት ክዳን ላይ አይጠምዘዙ፤ ሐዲድ በቀጥታ ይሻገሩ። ክላክስ ለሚያበዛብዎ ሾፌር መልስ አይስጡ። ቢያንስ አይቶዎታል።

7. ደብተሩን ይዘው ወደ አበዳሪው ይመለሱ

ወሩ ሲያልቅ ስንት ቀን በብስክሌት እንደሄዱ፣ ስንቴ እንዳቃተዎና ለምን እንደሆነ ይቁጠሩ። አቀበቱ ከሆነ ያስቸገረዎ በኤሌክትሪክ የሚያግዝ ብስክሌት አለ፤ ዋጋው ከተራው ብስክሌት ቢበልጥም ከመኪና ቅድመ ክፍያ ጋር አይወዳደርም። መንገዱ ራሱ ጨርሶ አደገኛ ከሆነ ደግሞ ያንን አምነው ወደ መኪናው ይሂዱ፤ ብስክሌት መሐላ አይደለም።

እኔ ዘንድ የሆነው ይህ ነው። መጀመሪያ የቀረበልኝ በ100,000 ቢመሰል፣ በ6 ዓመት የሚከፈል፣ በወር 1,955 ነበር። ከብስክሌቱ በኋላ ለሳምንት ሁለት ጉዞ የሚበቃ ያገለገለ ትንሽ መኪና መረጥኩ፤ ብድሩ ወደ 60,000 ወረደ፣ ጊዜውንም 3 ዓመት አደረግሁት። በዚያው 12 በመቶ ወርሃዊው 1,993 መጣ። ለካ በወር የምከፍለው ያው ነው! ወለዱ ግን ከ40,800 ወደ 11,700 ወረደ፤ ሦስቱ ዓመትም ተረፈኝ።

መኪናውን ሊያዩ ሲሄዱ ሜትር ይያዙ፤ ከተቻለም ብስክሌቱን ራሱን ይውሰዱ። የኋላ ወንበሩን አጥፈው፣ የፊት ጎማውን ፈትተው ያስገቡትና በሩን ይዝጉ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት መኪና ውስጥ መሪው አልገባ ብሎ ሻጩን ተሰናብቼ ወጥቻለሁ።