ኔትወርክ በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ አስተማማኝ የሕክምና መረጃ በእጅ ማቆየት

በመስከረም ወር ድሬዳዋ ውስጥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት ትኩሳት እያንዘፈዘፈው ተረኛ ክፍል ይገባል። ከዓይኖቹ ጀርባ ይቆረጥመዋል፣ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ያመዋል፤ የወባ ፈጣን ምርመራው ግን ኔጌቲቭ ነው። ተረኛው ነርስ ለሕመሙ ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ ሊወጋው ያስባል። ሕመሙ በትንኝ የሚተላለፈው ዴንጊ ከሆነ ግን ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የመድማትን አደጋ ስለሚያባብሱ፣ ጥርጣሬው እስኪጣራ ድረስ የሚሰጠው ፓራሲታሞል ነው። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊን ወረርሽኝ አይታለችና ጥያቄው ሩቅ አይደለም። መልሱን ግን በዚያች ሰዓት፣ ኔትወርክ በጠፋበት ስልክ ላይ መፈለግ አይቻልም፤ ስለዚህ መረጃው ሕመምተኛው ከመምጣቱ በፊት ስልክዎ ውስጥ መግባት አለበት።

ቀድመው መያዝ ያለብዎት የአገራችንን የሕክምና መመሪያዎች ነው። የወባ፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪ እና የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ መመሪያዎችን የቅርብ ጊዜ እትም ከጤና ቢሮ ወይም ከጤና ሚኒስቴር ድረ ገጽ በፒዲኤፍ ይውሰዱ። የውጭ አገር መመሪያ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ የሚያዝዘው መድኃኒት በፋርማሲያችን መደርደሪያ ላይ ከሌለ ለሕመምተኛው ምንም አይፈይድለትም። ከዚህ ቀጥሎ የድንበር የለሽ ሐኪሞች የሕክምና መመሪያዎች መተግበሪያን እመክራለሁ። በነፃ የሚገኝ ሲሆን አንዴ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ከጫኑት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የመድኃኒት መጠንም በቀላሉ ይገኝበታል። ሕፃናትን የሚያክሙ ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሁለተኛ ጊዜ ያሳተመውን የሕፃናት የሆስፒታል ሕክምና የኪስ መጽሐፍ ከድርጅቱ ድረ ገጽ በነፃ ማውረድ ይችላሉ።

ፋይል መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም፤ የታተመበትን ዓመት ማየት ግዴታ ነው። በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቆየ ፎቶ ኮፒ ነበር፤ ለከባድ ወባ የሚሰጠው አርቴሱኔት ለሁሉም ሰው በኪሎ 2.4 ሚሊ ግራም እንደሆነ ይገልጻል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ክብደታቸው ከ20 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት መጠኑን በኪሎ ወደ 3 ሚሊ ግራም ከፍ አድርጎታል። 12 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን በአሮጌው ወረቀት 28.8 ሚሊ ግራም፣ በአዲሱ 36 ሚሊ ግራም ታገኛለች ማለት ነው። መድኃኒቱ እንደገባች፣ ከ12 ሰዓት እና ከ24 ሰዓት በኋላ ስለሚሰጥ ጉድለቱ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ያን ወረቀት ያነሳሁት ለብዙ ጊዜ ካለፍኩት በኋላ በመሆኑ እስካሁን ይቆጨኛል። በቴሌግራም የሚዘዋወር ሰንጠረዥም አሳታሚው ካልታወቀና ዓመት ካልተጻፈበት ሕክምና ሊታዘዝበት አይገባም።

መመሪያው የማይመልሰው ጥያቄ ሲገጥምዎ ወደ ምርምር ጽሑፎች ይሂዱ። ፐብሜድ የተባለው የሕክምና ምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ ለማንም ክፍት ነው፤ የመፈለጊያ ቃላቱን በእንግሊዝኛ ጽፈው ሙሉ ጽሑፋቸው በነፃ የሚነበበውን ብቻ እንዲያሳይዎ ማዘዝ ይችላሉ። በክፍያ የተዘጉትን ጆርናሎች ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ ይከፍታል። ሂናሪ የሚመዘግበው ግለሰብን ሳይሆን ተቋምን ነው፤ ስለዚህ የሆስፒታልዎን ወይም የኮሌጅዎን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቁ፤ ተቋሙ ካልተመዘገበም እንዲመዘገብ ይወትውቱ። የይለፍ ቃሉን ከተቋሙ ውጭ ላለ ሰው መስጠት መግቢያውን ለሁሉም ሊያዘጋ ይችላል።

ሲፈልጉ የከተማዎን ስም መጨመር አይርሱ። በዚህ መንገድ የሚገኘው ጽሑፍ የዕለት ሥራን ይለውጣል። ለምሳሌ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ የተገኘው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው የደረቅ ወራት ወረርሽኝ ምክንያት እንደነበር ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ይህ ትንኝ ከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ስለሚራባ፣ በበጋ ትኩሳት ይዞት ለመጣ የከዚራ ወይም የሳቢያን ነዋሪ «ወቅቱ አይደለም» ብሎ የወባ ምርመራን መተው ስሕተት ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለው በርሜል ክዳን ይኑረው አይኑረው መጠየቅም የሕክምናው አካል ይሆናል።

ይህን ሁሉ ካዘጋጁ በኋላ፣ ከሌሊት ተራዎ በፊት የስልክዎን ዳታና ዋይፋይ ያጥፉና የአርቴሱኔትን መጠን ፈልገው ለማግኘት ይሞክሩ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ከፈጀብዎ ፋይሎቹን በበሽታ ስምና በዓመት እንደገና ሰይመው በአንድ ፎልደር ያስቀምጧቸው፤ ከዚያም አብሮዎት ለሚያድረው ባልደረባ ስልክ ያስተላልፉለት።