በጎቹ ማስነጠስ ሲያበዙ ያደረግሁት

ባሕር ዳር ጥግ፣ ከጣና ሳንርቅ በግ እናረባለን። ሁለቱ ማስነጠስ አበዙ። ወፍራም ንፍጥ ይወርዳቸዋል፣ ቀትር ላይ ደግሞ አፍንጫቸውን ሳር ውስጥ ይሸጉጣሉ። ጎረቤት «ጉንፋን ነው» አለ። የእንስሳት ሐኪሙ ግን አንዱ ያስነጠሰውን ትል አይቶ ሳቀ። ለካ የአፍንጫ ዝንብ ነች! እንቁላል አትጥልም፤ በሕይወት ያለ እጭ፣ ማለትም ትል የሚመስል ልጇን፣ በጉ አፍንጫ ላይ ረጭታ ትሄዳለች። እጩ ወደ ውስጥ ዘልቆ በግንባር አጥንት ክፍተት ያድጋል። ሲበስል በማስነጠስ ይወድቅና አፈር ውስጥ ዝንብ ይሆናል።

ያዳናቸው አይቨርሜክቲን የሚባል የጥገኛ ተባይ መድኃኒት ነው። ባለ 1 በመቶው ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር፣ ከቆዳ ሥር። መንጋው በሙሉ ተወጋ፣ ንፍጡም ቀስ በቀስ ደረቀ። የተወጋ በግ ቶሎ አይታረድም፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቀን ጠብቁ። እረኞችም ዓይናችሁን አደራ፣ ዝንቧ አንዳንዴ ሰው ዓይን ላይም እጭ ትረጫለች።