የቱርቦ ጭስ ማውጫ ቧንቧ ስትቀይሩ

የናፍጣ መኪናችሁ ከቱርቦው (በጭሱ ግፊት እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር ከሚገፋው ክፍል) የሚወርደው የጭስ ቧንቧ ከተሰነጠቀ፣ አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት አሮጌው ለምን እንደተሰበረ እዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቧንቧው አይደለም። ቧንቧውን የሚይዘው ማንጠልጠያ ተሰብሮ ወይም ሞተሩን የሚሸከመው ጎማ ሞቶ ንዝረቱ ሁሉ ቧንቧው ላይ ያርፋል። ያ ካልተስተካከለ አዲሱም ይሰነጠቃል።

ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። የዛጉትን ዳዶዎች ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍታችሁ፣ ከቻላችሁ አሳድሯቸው። አልፈታ ያለውን በጉልበት አትታገሉት፤ ትንሽ ፍቱ፣ መልሳችሁ አጥብቁ፣ እንደገና ፍቱ። ቡሎኑ ቱርቦው ውስጥ ከተቆረጠ ጣጣው ብዙ ነው።

ቧንቧው ሲወጣ የቱርቦውን አፍ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ። ስትገጥሙ ግን ማውጣቱን እንዳትረሱ! ጋስኬቱ (መገጣጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን። በሱ ፈንታ የሚቀባ ተራ ሲሊኮን እዚያ ሙቀት ላይ አይቆይም፤ ጭነት ሲበዛ ጭሱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል።

መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ ብቻ አስይዙ። ቧንቧው ሳይወጠር ቦታውን ሲይዝ ከቱርቦው በኩል ጀምራችሁ አጥብቁ። ከዚያ ሞተሩን ደጅ ላይ አስነሱ። መገጣጠሚያው ዙሪያ ጥላሸት ካያችሁ ያፈሳል ማለት ነው። ጋቢና ውስጥ የሚገባ ጭስ ይገድላልና በፍጹም ችላ አትበሉት።