ዓይን ጨፍኖ ዳገት መነሳት

መኪና ማስተማር ሥራዬ ነው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ስለ ድብቁ አእምሮ፣ የተመኙትን በምናብ ማየት እውን ያደርገዋል እያሉ የሚያወሩ ቪዲዮዎችን አይተው ነው የሚመጡት። «ጋሼ፣ መንጃ ፈቃዴን በእጄ ይዤ በየማታው በሐሳቤ አየዋለሁ» ትለኛለች አንዷ። ደግ። ፍሪሲዮኑንስ፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን ፔዳል? እሱን አስባው አታውቅም።

እኔ በምናብ ልምምድ አምናለሁ። ተማሪዎቼንም አዝዛቸዋለሁ። ዋናው ጥያቄ ግን ምን እናያለን የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፋም እና ቴይለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሎስ አንጀለስ፣ ፈተና የደረሰባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ አንድ ጥናት አሳተሙ። ገሚሶቹ ከፍተኛ ውጤት ሲያመጡ እንዲያዩ ተነገራቸው። ሌሎቹ ደግሞ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚያጠኑ። ቀድመው ማጥናት የጀመሩትና የተሻለ ያመጡት ራሳቸውን ሲያጠኑ ያዩት ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ግቡን አሳንሱት። «ሹፌር መሆን» በዓይን አይታይም። «ሞተር ሳይጠፋብኝ ዳገት ላይ መነሳት» ግን ይታያል። ገንዘብም ያው ነው። «ሀብታም መሆን»ን ተዉትና ደሞዝ የገባ ዕለት የዕቁቡን ብር ስትለዩ እዩ።

ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አልጋ ላይ አይሆንም፣ ትተኛላችሁ። የምትነዱበትን ጫማ አድርጉ። እጃችሁ መሪ እንደያዘ ይሁን፣ እግራችሁ ወለሉን ይርገጥ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። የእጅ ፍሬን ተይዟል። ፍሪሲዮን እስከ ታች። አንደኛ ማርሽ። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ። ትንሽ ነዳጅ። አሁን ፍሪሲዮኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። የሞተሩ ድምፅ ሲወፍርና መኪናው ቀና ልበል ሲል እግራችሁን እዚያው ያዙት። የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ሄደ።

ሁሉን ከሹፌሩ ወንበር ሆናችሁ እዩት እንጂ ራሳችሁን እንደ ፊልም ተዋናይ ከውጭ አትመልከቱ። ደግሞ አትቸኩሉ። በእውኑ ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ በምናብም ግማሽ ደቂቃ ይፍጅ።

አንድ ቦታ ላይ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ነዳጁ ነው የሚቀድመው ወይስ የእጅ ፍሬኑ? እግሬ የት ነበር? ይህ ብዥታ ለእኔ የልምምዱ ዋና ጥቅም ነው። ያላወቃችሁትን ቦታ በትክክል ይነግራችኋል። ጻፉትና ነገ አስተማሪያችሁን ጠይቁ። «ሁሉም ገብቶኛል» ከሚል ተማሪ ይልቅ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይጠፋብኛል» የሚለው ቶሎ ይነዳል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ይበላሽ። ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀው፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ይሳደባል። ምን ታደርጋላችሁ? መልሱን አስቀድማችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያዙት፦ «ሞተሩ ከጠፋ የእግር ፍሬን እይዛለሁ፣ የእጅ ፍሬን እስባለሁ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጌ አስነሳለሁ።» አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ እንዲህ ያለውን ክፉ አጋጣሚ በሐሳቡ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤይጂንግ ኦሎምፒክ ላይ በ200 ሜትር የቢራቢሮ ዋና መነጽሩ ውኃ ሞልቶበት እጁ ስንቴ እንደቀዘፈ እየቆጠረ ዋኘ። በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ።

ምልክት መምረጥም ይረዳል። አበበ ቢቂላና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ. ከ1960ው የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን በፊት መንገዱን አይተውት ነበር። የት ላይ ይፈትለክ? ያን ጊዜ ሮም ውስጥ ቆሞ የነበረው፣ ከእኛው የተዘረፈው የአክሱም ሐውልት ጋ። ሐውልቱ ሲደርስ ማሰብና ማመንታት አላስፈለገውም። እኛም ሠፈር ዳገቱ የሚያልቅበት የመብራት ምሰሶ ሁለተኛ ማርሽ ነው። ተማሪው ምሰሶውን ሲያይ እጁ ወደ ማርሹ ይሄዳል። እኔ ድብቁ አእምሮ የምለው ይህን ነው፤ ወሬ እያወራን ማርሽ የሚቀይርልንን። ምትሃት የለውም፣ በመደጋገም ይማራል።

ፍሪሲዮን ረግጦ የማያውቅ ሰው ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢያልም የሚያገኘው ነገር ትንሽ ነው። መጀመሪያ ንዱ፣ ስሜቱ ከእግራችሁ ሳይጠፋ በዚያው ምሽት በምናብ ድገሙት። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ለሥራ ቃለ መጠይቅም እንደዚሁ። «ተቀጥረዋል» የሚለውን ትታችሁ በሩን ስትገቡ፣ ስትቀመጡ፣ «ለምን ለቀቅሽ?» ሲሏችሁ ምን እንደምትመልሱ እዩ።

የፈተናው ዋዜማ ላይ አታብዙት። ዳገቱን አንዴ ሳትደናቀፉ ከጨረሳችሁ ተኙ። ጠዋት ተራ ስትጠብቁ፣ ወረፋው ላይ የወደቁ ሰዎች የሚያወሩትን ከመስማት አንዴ ድገሙትና ግቡ።