አራቱን ባሕርያት በዕለት ኑሮ ማመጣጠን፦ ከከተማ ዳር ለሚመላለስ ሰው

የሰው ሥጋ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት እንደ ተፈጠረ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሁሉ ሰምቶታል። አራቱን ግሪካዊው ፈላስፋ ኤምፔዶክለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን አስተምሯል፤ የጥንቱ ሐኪም የጋሌን ሕክምና ደግሞ ከአራት የሰውነት ፈሳሾች ጋር አዛምዷቸዋል፦ ደምን ከነፋስ፣ ቢጫ ሐሞትን ከእሳት፣ አክታን ከውኃ፣ ጥቁር ሐሞትን ከመሬት ጋር። እኛም ብንሆን «ደም ፍላት»፣ «ሐሞተ ኮስታራ»፣ «ሐሞቱ ፈሰሰ» ስንል ጠባይን ከፈሳሽ ጋር ማያያዛችን ነው። የፈሳሾቹ ትምህርት በ19ኛው መቶ ዘመን ከሕክምና ስለ ወጣ፣ የሚከተለው ለራስ ጠባይ መታዘቢያ እንጂ ለሕመም ማከሚያ አይሆንም።

በቅድሚያ የሚያስፈልገው የእያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጠባይ ማወቅ ነው። እሳት ሙቅና ደረቅ፣ ነፋስ ሙቅና ርጥብ፣ ውኃ ቀዝቃዛና ርጥብ፣ መሬት ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። በሰው ላይ ሲታይ ሙቀቱን ችኮላ፣ ቅዝቃዜውን ዝግታ፣ ድርቀቱን እልኸኝነት፣ ርጥበቱን ከሰው ጋር በቀላሉ መዋሐድ ብሎ መረዳት ይቻላል።

ከዚያ ለሁለት ሳምንት ጠዋት ከቤት ሲወጡ፣ እኩለ ቀን ላይና ማታ ሲመለሱ ከአራቱ የትኛው እንዳየለ በትንሽ ደብተር ላይ ይመዝግቡ። እኔ ለገጣፎ ከገባሁ ጀምሮ ራሴን በተፈጥሮው እሳት የሆነ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር፤ ደብተሩ ያሳየኝ ግን እሳቱ የሚነሣው መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ በቆምኩባቸው ማታዎች ብቻ መሆኑን፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ውኃ ሆኜ እንደምውል ነው። ብዙዎቻችን የተፈጥሮ ጠባይ የምንለው የውሏችንን ጠባይ ሳይሆን አይቀርም።

ማመጣጠኑ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እሳትን በውኃ ለማጥፋት ወዲያው ስለሚሞክር ነው። እሳትና ውኃ የሚጋሩት ጠባይ የላቸውም፤ ነፋስና መሬትም እንዲሁ። አርስቶትል እንዳስረዳው ባሕርያቱ አንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ የሚለወጡት አንድ የጋራ ጠባይ ሲኖራቸው ነውና፣ መሻገሪያው በጎረቤቱ በኩል ነው። ተናድዶ የመጣ ሰው ዝም በል ቢባል ንዴቱን ይዞ ያድራል። ይልቁንስ ከቤቱ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ይውረድና በኮብልስቶኑ ላይ በእግሩ ይሂድ፤ ሲደርስም የሆነውን ለቤተሰቡ ያውራ። ሙቀቱ ሳይጠፋ ድርቀቱ ይላላል፤ ይህ ነፋስ ነው። እግሩን ታጥቦ፣ ራት በልቶ ጸጥ የሚልበት ጊዜ ከዚህ በኋላ ሳይታገል ይመጣል።

በሐሳብ የተያዘውን፣ መሬት የበዛበትን ሰው ደግሞ ቡና ላይ አስቀምጦ «ተጫወት እንጂ» ማለት ያባብስበታል። ድርቀትን በሚጋራው በእሳት በኩል ይሂድ፦ ጓሮውን እስኪያልበው ይቆፍር፣ እንጨት ይፍለጥ፤ ጨዋታው ከዚያ በኋላ ነው። ስልኩ ላይ ተበትኖ የሚውለው ነፋስ በበኩሉ ስልኩን አስቀምጦ ለጥቂት ጊዜ በጸጥታ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ሥራ ብቻ ይያዝ። ጠዋት መነሣት የሚከብደው ውኃ የዝንጅብል ሻይ ጠጥቶ፣ ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ወደ ሥራው ይግባ።

ግሪኮቹ እያንዳንዱን ወቅትም ከአንድ ባሕርይ ጋር ያዛምዱ ነበር፤ ይህን አቆጣጠራቸውን ግን እንዳለ መውሰድ አይበጅም፤ የእነርሱ ሞቃትና ደረቅ ወቅት ሲሆን እዚህ ዝናብ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ክረምት ቀዝቃዛና ርጥብ ስለሆነ ውኃ ያይላል፤ ያን ጊዜ ቆሎና ትኩስ ሾርባ፣ ከቤት መውጣትም ይጠቅማል። ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው በጋ ግን ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ፀሐያማ፣ መንገዱም አቧራ ነውና ተልባና ውኃ ይብዛ።

ባልና ሚስት ሁለቱም ከሰልፍ የሚመለሱበት ቤት አንድ ተጨማሪ ሥርዓት ይፈልጋል፦ መጀመሪያ የደረሰው ታጥቦ ይጠብቅ፣ ኋላ የደረሰው ቀድሞ ያውራ፤ የቤት ኪራይ ነገር ራት ሳይበላ አይነሣ።